የአውራ ጣት ፈተና

ደመወዝ በወጣ በሦስተኛው ዕለት፣
አረብ ሰፈር ገባሁ፣ ባትሪ ልመርጥለት፣
ለሐይቁ ዳር ጨለማ፣ ለተራዬ ሌሊት።
የድሮው ባትሪዬ፣ በሐምሌ መባቻ፣
ውሃ ጠጥቶ ሞተ፤ በደጉ ቀን ብቻ
ሲያበራ ኖሮ ኖሮ።

ሙዘይን ደረደረ፣ መስታወቱን ከፍቶ፤
አንዱ ክንድ ያህላል፣ ከብረት ተሠርቶ።
«ይኼ ከዚህ ሆኖ ታቦርን ያሳያል፤
ሰው ከደፈረሽም ዱላ ይሆንሻል።»
ዱላ መች ቸገረኝ? መንግሥት ሰጥቶኛል፤
ወገቤ ላይ ውሎ እሱም ከብዶኛል።

ሁለተኛው ደግሞ ይርገበገባል፣
ይቀላል፣ ይነጣል፣ ሲጫኑት ይጮኻል፤
«ሰባት ዓይነት ብርሃን!» — ሠርግ ቤት ይመስላል።
ከሌሊቱ ስምንት፣ ሞኖፖል መታጠፊያ፣
ታርጋ የሌለው ባጃጅ ቆሞ ከዳር ወዲያ፣
እኔ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ስጫን፣
ስድስተኛው ላይ ስደርስ
ባጃጁ ጥቁር ውሃ ገብቷል።

ሳጅን ዱካሌ ነው (ጡረታ ወጥቷል፣
አሁን ዶሮ ያረባል)
እንዲህ ያስተማረኝ፦
«ባትሪ በዓይን አይገዛም። ዓይን የእሳት ራት ነው፣
የበራ ሁሉ ያማረ ይመስለዋል።
አውራ ጣትሽን ጠይቂው።»

ጠየቅሁት።
ሱቁ መሃል ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩና፣
ከማንቆርቆሪያው ውሃ እጄን አራስኩና፣
ቁልፉን በዳበሳ ስፈልግ፣ ሳጣው፣ ሳገኘው፣
«እህቴ፣ አሞሻል?» አለ ሙዘይን፤ ወንበር አቀረበ።
ደጅ የቆመ ተሸካሚ ሳቀ።
ይሳቅ። ዝናብ ላይ ማን ይስቃል?

ያልነገርኩት አለ።
ጥር ነው። ጨረቃ የለም። አሞራ ገደል፣ ከድንጋዩ ሥር
አንድ ልጅ አጎንብሶ መረብ ይፈታል፤
እኔ የያኔዋ፣ ብርሃን በበዛ ቁጥር
እውነት የሚበዛ መስሎኝ፣
ፓውዛዬን ሙሉውን ዓይኑ ላይ ደፋሁት።
እጁን አነሣ፣ ዓይኑን ሊከልል፤
እጁ ላይ ቢላ።
ከጎኔ ጠብመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ —
ያን ድምፅ ዛሬም ቁልፍ ቀጭ ሲል እሰማዋለሁ።
«የዓሣ ነው! የዓሣ!»
ቢላው ላይ ቅርፊት ያብለጨልጭ ነበር፣ እንደ ሳንቲም።
ባጢሶ ይባላል። አሥራ አራት ዓመቱ።
ያሳወርኩት እኔ፤ ሊሞት የነበረው እሱ።

ሳጅኑ አልተቆጣም። መንገድ ላይ፣ ቆይቶ፣
«እጁን አብሪበት» አለኝ፣ «ፊቱን ተይለት።»

ስለዚህ ሙዘይን፣ ከታች ያለውን አምጣ፤
አቧራ የለበሰውን፣ ዋጋው ያልተጻፈውን።
መዳፍ ልክ ነው። አንገቱ ባለ ስድስት ማዕዘን፣
ቁልቁለት ላይ ቢወድቅ ተንከባሎ አይሸሽም።
ብርሃኑ እንደ ገለባ ቢጫ ነው፤
ደምን ደም፣ ዘይትን ዘይት ያደርጋል።
ድንጋዩ ከየትም ኪዮስክ ይገኛል።
ቁልፉ ድምፅ የለውም።
ግራ እጄ ይይዘዋል፣ ቀኝ እጄ ባዶ ይቀራል፣
ለሰላምታም ቢሆን፣ ለሌላም።

«ለፖሊስ በነጻ ነው» አለ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።
«ስንት ነው?»
«ውሰጂው እባክሽ፣ አንድ ቀን ታዪኛለሽ።»
እንግዲያው አበራሁት፣ እጁ ላይ።
ዘጠኝ መቶ ብር። ደረሰኝ ጻፈ።

በዚያው ሌሊት፣ ከአዲሱ ምልምል ከሌዳሞ ጋር
በሐይቁ ዳር ስናልፍ ሣር ሲቀነጠስ ሰማን፤
ከባድ ትንፋሽ፣ እርጥብ፣ አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው።
ጉማሬ ግጦሽ ላይ ሆኖ ብርሃን አይወድም።
አውራ ጣቴ ከእኔ ቀድሞ አወቀ።
ጨለማው መጣና ከጎናችን ቆመ።

«ጠፋብሽ?» አለ ሌዳሞ፣ በሹክሹክታ።

«አልጠፋብኝም» አልኩት።
«አጠፋሁት።»